ምላጭና እርሳስ

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር፣ ከፍራንክሊን ጎዳና ብዙም ሳይራቅ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የእርሳስ ሥዕል ትምህርት ይሰጣል። ክፍያ የለውም፤ ፈተናም ምስክር ወረቀትም የለውም። ረጅም ጠረጴዛ፣ የሚታጠፉ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የሚዘወር የእርሳስ መቅረጫ አለ። ጥግ ላይ የቡና ማፍያ ይንተከተካል፤ ከውስጡ የሚወጣውን ቡና ብሎ ለመጥራት ግን ድፍረት ይጠይቃል። ተማሪዎቹ ሰፈሩን ይመስላሉ፦ ሶማሌው፣ ሜክሲኮው፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ተወላጅ፣ አያቶቿ ከስዊድን የመጡ አሮጊት። ኢትዮጵያውያንም አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ልጅ ለማድረስ መጥተው በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ ናቸው።

በር ላይ ከሚቆሙት አንዷ የደሴ ልጅ ናት። ሌሊት ሌሊት አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት ተመልሳ ልጇን ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ታደርሳለች፤ ከዚያ ትተኛለች፤ እንቅልፍ ከተባለ። ወንድ ልጇ 11 ዓመቱ ነው። እናትና ልጅን ወደዚያ ምድር ቤት ያመጣቸው የሥዕል ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ምላጭም አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ከትንሽነቱ ጀምሮ ያየውን ሁሉ ይስላል፤ አውቶቡስ፣ ውሻ፣ የጎረቤት ጫማ። የሚስልበት እርሳስ የአሜሪካ ተማሪ ሁሉ የሚይዘው ቢጫው ቁጥር 2 ነው። በጥቂት ሳንቲም የተገዛችው የላስቲክ መቅረጫ ግን እንጨቱን ትቦጫጭቀዋለች፣ ጫፉን ትሰብረዋለች፤ ልጁም በአንድ ምሽት አንድ እርሳስ ጨርሶ ያለቅሳል። እናት ታዲያ ምን ታድርግ? የምታውቀውን አደረገች። ምላጭ አውጥታ ለሁለት ሰበረች፤ የግማሹን አንድ ወገን በወረቀት ጠቀለለች፤ እርሳሱን በግራ እጇ ይዛ ወደ ውጭ እየላገች ሾል ያለ ጫፍ አወጣችለት። ልጁ አፉን ከፍቶ አየ። እሷም ደስ አላት፤ እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ልጇ በእሷ እውቀት ሲደነቅ ያየችው ያን ዕለት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ምላጩ በእርሳስ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ትምህርት ቤት ገባ።

ከዚያ የሆነውን በዚህ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ይገምተዋል። ስልክ ተደወለ። እንቅልፍ ያላየች እናት ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች፤ አስተርጓሚው በስልክ ሆኖ «ስለት ያለው መሣሪያ» የሚል ቃል እየደጋገመ አስተላለፈላት። ወረቀት ፈረመች። ልጁ ሦስት ቀን ከትምህርት ገበታው ታገደ። ደንቡ ከክፋት የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ሕፃናት በክፍላቸው ውስጥ የሚገደሉበት አገር ስለት ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ቢሆንም ደሴ ላይ ምላጭ የጽሕፈት መሣሪያ ነው። አንዱን ምላጭ ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ለታላቅ፣ ግማሹን ለታናሽ የሚያካፍል ቤት ስንት ነው! በክፍል ውስጥ ከዴስክ ወደ ዴስክ ሲዞር ይውላል፤ እርሳስ ይቀርጽበታል፣ ጥፍር ይቆረጥበታል፣ ጣትም አልፎ አልፎ ይቆረጥበታል። መሣሪያ ነው ብሎ የጠራው ግን አልነበረም።

እናትየዋን ያስጨነቃት ሦስቱ ቀን አይደለም። ልጁ የሥዕል ደብተሩን አልጋ ሥር ወርውሮ «ከእንግዲህ አልስልም» አለ፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ከወር በላይ እርሳስ ሳይነካ ቆየ። ስለ ቅዳሜው ክፍል የነገረቻት አንዲት የሰፈር ሴት ናት፣ ቡና ላይ። ልጁ እየተጎተተ ሄደ።

መምህሩ በጡረታ ላይ ያሉ አሜሪካዊ ናቸው፤ ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት የሕንፃ ንድፍ በእጃቸው ሲሠሩ የኖሩ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ ሥዕል አያስተምሩም፤ እርሳስ መቅረጽ ነው የሚያስተምሩት። ያን ቀን ከኪሳቸው ትንሽ ቢላ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ልጁ ዞር ብሎ እናቱን አየ። እናትም ነገሩን በምትችለው እንግሊዝኛ፣ በሦስትና አራት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። ሰውየው አልሳቁም። «አንቺ ያሳየሽው የንድፍ ሠራተኛ ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ቦታው ነው ያልሆነው» አሉ። ከዚያም ለልጁ፦ «ይህ ቢላ ከዚህ ጠረጴዛ አይወርድም፤ የሚይዘውም ትልቅ ሰው ነው። የአንተ ሥራ የብርጭቆ ወረቀቱ ነው፤ ጫፉን የሚያወጣው እሱ ነው»። ልጁ ያን ቀን አልሳለም። የሰባት ሰው እርሳስ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሾል ዋለ።

መቅረጫ እያለ ለምን በቢላ? የሚል ይኖራል። መቅረጫ የሚያወጣው ጫፍ አጭር ነው፤ ለጽሕፈት ይበቃል። ለሥዕል ግን የእርሳሱ ጥቁር ልብ ቢያንስ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ከእንጨቱ ወጥቶ መታየት አለበት። ያን ጊዜ አንዱ እርሳስ ሁለት መሣሪያ ይሆናል፦ በጫፉ ፀጉር የሚያህል መስመር ይሰመርበታል፤ ጋደም ሲያደርጉት በጎኑ ሰፊ ጥላ ይጣልበታል። አቀራረጹ ዘዴ አለው። ኃይሉ ቢላውን ከያዘው እጅ አይመጣም፤ እርሳሱን የያዘው እጅ አውራ ጣት የቢላውን ጀርባ በቀስታ ይገፋዋል፣ ሁልጊዜም ከሰውነት ወደ ውጭ። ፍቅፋቂው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ መሆን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ ችኮላ አለ ማለት ነው። እርሳሱ ትንሽ ትንሽ እየዞረ እንጨቱ ከተላገ በኋላ ልቡ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ጋደም ተደርጎ እየተንከባለለ ይሾላል። ዱቄቱ አይጣልም፤ በጨርቅ ጫፍ ተነክሮ ለጥላ ያገለግላል።

ደጋግሞ የሚሰበር እርሳስም ሁልጊዜ የመቅረጫው ጥፋት አይደለም። ከጠረጴዛ የወደቀ እርሳስ ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ ተሰነጣጥቆ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ቢቀርጸው ይሰበራል። ርካሽ እርሳስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልቡ መሐል ላይ አይደለም፤ ጫፉን በዓይን ትይዩ አድርጎ ማየት ነው፣ ጥቁሩ ነጥብ ወደ ጎን ከሸሸ ያን እርሳስ መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ነው።

በነገራችን ላይ እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም። ልጄ እርሳስ እያኘከ ይመረዛል ብለው የሚጨነቁ ወላጆች በዚህ በኩል ይረፉ። ጥቁሩ ነገር ግራፋይት ነው፤ የከሰል ዘመድ። በ16ኛው መቶ ዘመን ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ቦሮውዴል በሚባል ሥፍራ ንጹሕ ግራፋይት ሲገኝ ሰዎች የእርሳስ ማዕድን ዓይነት መሰላቸው፤ ስሙ በዚያው ቀረ፤ እኛም ዘንድ ሲደርስ ከነስህተቱ ደረሰ። የሚያስፈራው እርሳስ በአሮጌ ቤቶች ቀለም ውስጥ ነው፤ አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን እርሳስ ያለበትን ቀለም የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነውና፣ ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት የሚኖር የሚላላጥ ቀለም ካየ ዝም አይበል። ፊሊፕስ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው።

ዛሬ የሚታወቀውን እርሳስ የወለደው ጦርነት ነው። ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ ግራፋዩ ተቋረጠባት፤ በ1795 እ.ኤ.አ. ኮንቴ የተባለ ፈረንሳዊ የግራፋይት ዱቄት ከሸክላ አፈር ጋር አቡክቶ በእሳት ጋገረው። ሸክላው ሲበዛ ልቡ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይገረጣል፤ ሲያንስ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። የእርሳስ ልብ እንግዲህ እንደ ጀበና ነው፤ አፈር ነው፣ እሳት አይቷል። አሜሪካ ውስጥ ይህን የቅልቅል ዘዴ ካሻሻሉት አንዱ ኮንኮርድ ከተማ እርሳስ ፋብሪካ የነበረው የአባቱ ልጅ፣ ጸሐፊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ነበር። ይኸው ቶሮ በ1845 እ.ኤ.አ. ዌንደል ፊሊፕስ የሚባለውን የባሪያ ነፃነት ተሟጋች ንግግር ሰምቶ አድናቆቱን ሊበሬተር ለተባለው ጋዜጣ ጽፎ ልኳል። የሚኒያፖሊሱ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከዌንደል ፊሊፕስ ነው። በእርሳስ ሠሪ የተመሰገነ ሰው ስም በያዘ ሰፈር እርሳስ መቅረጽ መማር ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

ወደ ምርጫው እንመለስ። በእርሳሱ ላይ ያሉት ፊደሎች ምስጢር አይደሉም። ኤች ያለበት ጠንካራ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጥንካሬው ይጨምራል። ቢ ያለበት ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ እዚያም ቁጥሩ ሲጨምር ይጠቁራል። ኤች ቢ መሐል ላይ ነው፤ የተማሪው ቢጫ ቁጥር 2 ከእሱ ጋር ይቀራረባል። መምህሩ ለጀማሪ ሦስት ብቻ ያስገዛሉ፦ ኤች ቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ። ሃያ አራት እርሳስ የያዘውን ቆርቆሮ ሣጥን ለልጅ ልደት የሚገዛ ወላጅ ብዙ ነው፤ ሣጥኑ ያምራል፣ ልጁ ግን በግማሹ አይስልበትም። በዚያ ገንዘብ ሸካራ ያለ ጥሩ ወረቀት ቢገዛለት ይሻላል። ለስላሳ የኮምፒዩተር ወረቀት ግራፋዩን አይዝም፤ 6ቢ በላዩ ሲሄድ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

በአራተኛው ሳምንት እናትየዋ በር ላይ መቆሟ አበቃ። ክፍሉ የሚሳል ዕቃ ከየቤቱ እንዲመጣ ተጠይቆ ነበርና ጀበና ይዛ መጣች፤ ጀበናው ጠረጴዛው መሐል ሲቀመጥ መምህሩ ለእሷም ወረቀትና 6ቢ ሰጧት። «ልጅ አይደለሁም» አለች። ሰውየው ወንበር ሳቡላት።

ጀበና ቀላል ይመስላል፤ ሞክሮ ያየ ያውቀዋል። ሆዱ ክብ ነው፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጆሮው ግን ከአንገትና ከሆድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነው። እናትየዋ ስትስል ጆሮውን ከሚታየው በላይ አስፍታ ሳለችው፤ በየቀኑ የምትጨብጠውን ጆሮ እጇ የሚያውቀው በስፋቱ ነውና። መምህሩ እርሳስ ዘርግተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የጆሮውን ስፋት በአውራ ጣታቸው ለክተው ከአንገቱ ርዝመት ጋር አስተያዩላት። ግማሽ እንኳ አይሞላም። «የምታውቂውን ትተሽ የምታዪውን ሳዪ» አሏት። ከዚያ ጥቁረቱ መጣ። ጥቁር ዕቃ ሁሉ ቦታው እኩል አይጠቁርም፤ በመስኮት በኩል ያለው ወገን ያብረቀርቃል፣ ብርሃኑም የሚገኘው በእርሳስ ሳይሆን ወረቀቱን ነጭ በመተው ነው። ተሳስቶ የጠቆረውን እንደ ሊጥ የሚለነቀጥ ላጲስ እየተጫኑ ያነሱታል፤ ሳይፈትጉ። የጎማ ላጲስ ከመምጣቱ በፊት አውሮፓውያን ሥዕል የሚያጠፉት በዳቦ ፍርፋሪ ነበር። በእንጀራ የሞከረ እስካሁን አልተሰማም።

ከወላጆቹ መካከል በጎጃም የቄስ ትምህርት ቤት ያደገ የታክሲ ሾፌር አለ። ቢላውን ባየ ቁጥር ትዝታው ይቀሰቀሳል። ቁም ጸሐፊ ብርዑን ከመቃ ቆርጦ በካራ ጠርቦ፣ ጫፉን አጋድሞ ቆርጦ፣ መሐሉን ትንሽ ሰንጥቆ ቀለም እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይቀመማል፤ ብራናው ላይ መስመር የሚሰመረው ያለ ቀለም፣ በሹል ነገር በመጫን ብቻ ነው። ሾፌሩ ይህን ለመምህሩ ሲያስረዳ እጁ ላይ ብርዕ ያለ ይመስል ነበር። በአማርኛ እርሳስም ብርዕም ድንጋይም የሚቀረጸው በአንድ ቃል ነው፤ ድምፅም በቴፕ ይቀረጻል፤ ትውልድ ይቀረጻል ማለትንስ ማን ያልሰማ አለ? ስለ ትውልድ መቅረጽ በየስብሰባው ንግግር የሚያደርግ ሞልቷል፤ እርሳስ የሚቀርጽ ግን ጥቂት ነው።

መቼም ይህ ሁሉ ሲወራ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ቡና ላይም መጣ። «ሥዕል እንጀራ ይሆናል?» ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ልጁ ሐኪም እንዲሆን የሚመኝ አባት ነው። መልሱ ግን ከገዛ ታሪካችን አለ። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ፤ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሁሉ ባለቀለም መስተዋታቸውን ቀና ብሎ ሳያይ አይወጣም። አለ ፈለገ ሰላም ሥዕል የተማሩት ቺካጎ ነው፤ ከሚኒያፖሊስ በመኪና የስድስት ሰዓት መንገድ። ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ ስማቸውን ይዞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል።

እዚሁ ከተማ ውስጥ የሆነ ደግሞ አለ። ጁሊ ምሕረቱ በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በ1977 ከወላጆቿ ጋር ወደ ሚቺጋን መጣች። በ2003 እ.ኤ.አ. የሚኒያፖሊሱ ዎከር የጥበብ ማዕከል ትልቅ ትዕይንት አዘጋጀላት፤ የትዕይንቱም ርዕስ ንድፍ ወደ ቀለም ቅብ ስለመግባቱ የሚናገር ነበር፤ ሥራዋ መስመር በመስመር ላይ እየተደራረበ የሚሠራ ነውና። በዚያው ጊዜ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ የኤዲሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ሰብስባ ኑሯቸውን በፎቶግራፍና በድምፅ እንዲመዘግቡ አደረገች፤ ሥራውንም «ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ናቸው» የሚል ስም ሰጠችው። ከ2021 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዎከር የዘመኗን ሥራ ሰብስቦ እንደገና አሳየ። ከኛ ስንቱ ሄዶ አየ? መግቢያ በር ላይ ቆመው የቆጠሩ ባይኖሩም፣ ብዙ አይደለም ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

አባትየው ይህን ሁሉ ሰምቶ «እነሱ ስንት ናቸው?» አለ። ትክክል ነው፤ ጥቂት ናቸው። ደግሞም ቅዳሜ ምድር ቤት የሚሰበሰበው ልጅ ሁሉ ጁሊ ምሕረቱ አይሆንም፤ ማንም ይሆናል አላለም። ሐኪም የሚሆን ልጅም ግን ዓይኑ ማየት አለበት፤ የሰውነት ክፍሎችን እየሳለ የሚማር የሕክምና ተማሪ ምን እንደሚያስታውስ ሐኪሞቹ ይንገሩት። የዚህ ልጅ ጉዳይ ግን ከዚያም የቀረበ ነበር። አልስልም ብሎ ደብተሩን አልጋ ሥር የከተተ ልጅ፣ ከእናቱ የተማረው ነገር ወንጀል ነው ብሎ እንዲያምን መተው ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው።

በጸደይ መምህሩ ክፍሉን በእግር ወደ ሚኒያፖሊስ የጥበብ ተቋም ወሰዱት። ሙዚየሙ ከፊሊፕስ የሚለየው በ35 ደብሊው አውራ ጎዳና ብቻ ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ ጥቂት መንገድ ነው። ሕንፃው በ1915 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው። ፊሊፕስ ውስጥ አሥር ዓመት ኖሮ ነፃ መሆኑን ያልሰማ ሰው በዚያ ቀን ከነበሩት ወላጆች መካከል ሁለት ነበሩ። በሙዚየም ውስጥ ቀለምና ብዕር አይፈቀድም፤ የፈሰሰ ቀለም አይመለስም፤ እርሳስ ግን ይፈቀዳል። ልጁ በሬምብራንት ሉክሬሺያ ፊት ቆሞ ቆየ፤ በ1666 እ.ኤ.አ. የተሳለች፣ በእጇ ጩቤ የያዘች፣ ልብሷ በደም የረጠበ ሴት ናት። እናትየዋ ጩቤውን ስታይ ልጇን ቶሎ ልታሳልፈው ፈለገች። እሱ ግን ያየው ጩቤውን አልነበረም። «እማዬ፣ ዓይኗን እዪው» አለ፤ በአማርኛ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ዓይኖቹን ብቻ ሳለ፤ ሁለት ዓይን፣ ሌላ ምንም።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ ከአልጋ ሥር ወጣ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እናትየዋ ከሌሊት ሥራዋ መጥታ፣ ክፍሉንም ጨርሳ፣ ሶፋው ላይ ከነሥራ ልብሷ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነሣ ልጁ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ነው። አየችው። አፏ በትንሹ የተከፈተ፣ ከዓይኗ ሥር 6ቢ የተጫነበት፣ ሹሩባዋ የተፈታ ሴት። ፎቶግራፍ ስትነሣ ሁልጊዜ ነጠላዋን አስተካክላ ነው። እንደዚህ ሆና ያያት ሰው አልነበረም፤ ወይም ያየ ሰው አልነገራትም። ለእናቷ ልትልከው አሰበችና ተወችው፤ ደሴ ያሉት እናት ይህን ቢያዩ እንቅልፍ ያጣሉ።

«እንዲህ ደክሜያለሁ?» አለችው።

ልጁ መልስ አልሰጠም። እጇ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ የግራ እጇን አንጓ ሦስቴ ስሎ ሦስቴ አጥፍቶታል፤ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል። «እጅሽን እንደ ነበረ አድርጊው» አላት።

«አንቀላፋለሁ እኮ።»

«አንቀላፊ» አለና 2ቢውን በብርጭቆ ወረቀቱ ላይ እያንከባለለ ማሾል ጀመረ።